ከጣቢያው ደጃፍ እስከ ከፊራ፦ በከተማችን ግድግዳ ላይ ያለው ፊደል

(በድሬዳዋ ለሥነ ጥበብ ወዳጆች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ጂርቱ። የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ ፊደል ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸውና እባካችሁ ጠጋ በሉ።

የተጋበዝኩት ስለ ሥዕል እንድናገር ነው። እኔ ግን «ሥዕል» ሲባል ቀድሞ ወደ ዓይኔ የሚመጣው በሸራ ላይ የተሣለ፣ በክፈፍ ተይዞ የተሰቀለ ነገር አይደለም። በሱቅ ግንባር፣ በጋሪ ጎን፣ በባጃጅ ጀርባ፣ በመስጊድ በር፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ለምን ቢባል፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን ገብቶ የሚያውቅ ሰው በከተማችን ስንት ነው? በጣም ጥቂት። አንድ ታፔላ እንኳ ሳያይ ከቤቱ ወጥቶ የሚገባ ሰውስ አለ? የለም። ማንበብ የማይችለው እንኳ ያያል። የፋርማሲውን መስቀልና የፊደሉን አረንጓዴ ቀለም አይቶ መድኃኒቱን ገዝቶ ይመለሳል። እንግዲህ የሁላችን የሆነው ሥዕል የቱ ነው? ማንም ሳይከፍል፣ ማንም ሳይከለከል በየቀኑ የሚያየውስ የቱ ነው?

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። መጀመሪያ ይህ ሥዕል ወደ እኛ ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎ ፊደል በግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሩቁ ልጀምር። ከከተማችን በስተደቡብ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ወጣቶች፣ ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል? ... ጥቂት እጅ ነው የማየው። ዋሻው ለተመራማሪዎች የታወቀው በ1929 ነው። በውስጡ ከተገኘው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የቀይ አፈሩ ብዛት ነው። ተመራማሪዎች የቆጠሩት 4,213 ቁራጭ፣ ክብደቱም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። አፈሩ በድንጋይ ላይ እየተፈጨ ቀለም ይሆን ነበር፤ የመፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። ከእነርሱ መካከል ግማሽ አካሏ በቀይ ቀለም የተነከረ አንዲት ድቡልቡል ጠጠር አለች። ተመራማሪዎቹ ምናልባት እንደ ማኅተም እየተነከረች በእርሷ ምልክት ሳይታተም አልቀረም ብለዋል። አስቡት! በዋሻው ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚያ ብዙ ዘግይተው የመጡ ሰዎች ሥራ ናቸው። በለገ ኦዳ ዋሻም የከብቶችና የሰዎች ሥዕል አለ። ቀለም መፍጨት፣ ቀለም መንከር፣ ሌላው ሰው እንዲያየው ድንጋይ ላይ ማኖር በዚህ ሸለቆ ዙሪያ ከከተማው ስም፣ ከሐዲዱም፣ ከፊደልም በፊት የነበረ ሥራ ነው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣላት አልቻለም፤ እኛም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆንን። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ በመካከሉ ያሉት ዓመታት ለድሬዳዋ ትልቅ ዓመታት ነበሩ። ከባቡሩ ጋር ሸቀጥ ብቻ አልመጣም። ፊደልም መጣ። የፈረንሳዩ የላቲን ፊደል በጣቢያው ግንባር ላይ ከአማርኛው ጋር ተሰለፈ። የየመን ነጋዴ ዐረብኛውን በሱቁ በር ላይ አኖረ። ግሪኩም አርመኑም የየራሱን አመጣ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ስትሄዱ የቤቱ አሠራር ብቻ ሳይሆን የሚነበበውም ይለወጥ ነበር።

አባቴ በምድር ባቡር ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነበር። ፉርጎዎቹ ሲታደሱ ቁጥራቸውንና ጽሑፋቸውን የሚጽፍ እርሱ ነው። ከቆርቆሮ የተቆረጡ የፊደል ቅርጾች ነበሩት፤ ቆርቆሮውን ፉርጎው ላይ ያስደግፍና በላዩ ቀለም ይመታበታል። ልጅ ሳለሁ ምሳውን ይዤለት ስሄድ እነዚያን ቆርቆሮዎች እያነሣሁ ወደ ፀሐይ እይባቸው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን «ለምንድን ነው ወ መሐሉ የተቆራረጠው?» አልኩት። አባቴ ሥራውን አቆመና አስረዳኝ። ወ ክብ ነው። ክቡን ሙሉ በሙሉ ከቆረጥከው መሐሉ ይወድቃል። ስለዚህ መሐሉን የሚይዝ ቀጭን ድልድይ መተው አለብህ። ዐም እንዲሁ፣ ፀም እንዲሁ፣ ቀም እንዲሁ፤ መ ሁለት ክብ ስላለው ለሁለቱም ድልድይ ይፈልጋል። በኃምሱ እግር ላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ቀለበትም የራሷን ድልድይ ትሻለች። የላቲኑ ፊደል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት በጥቂቱ ነው፤ የእኛ ግን በብዛት። «የእኛ ፊደል ለመቁረጥ ያስቸግራል» አለኝ፤ «ሲያምር ግን ያምራል!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊደልን ሳነብ ቅርጹንም አያለሁ። እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

እዚህ ላይ ብዙ የድሬዳዋ ሰው የማያውቀውን ነገር ላንሣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያኮራኝ ይህ ነው። ከተማችን የባቡር ብቻ ሳትሆን የኅትመትም ከተማ ነበረች። የካፑቺን ማኅበር የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት እዚህ ድሬዳዋ ነበር። በ1929 የፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ የባትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት የታተመው እዚህ ነው። አዎ፣ እዚህ! በዚያ ዘመን ኅትመት ማለት ፊደል ለቃሚው በሣጥኑ ፊት ቆሞ እያንዳንዱን የእርሳስ ሆሄ በጣቱ እያነሣ መደርደር ነው። የፈረንሳይኛው ፊደል ለቃሚ ከ26 ሆሄያት ጋር ነው የሚታገለው፤ በትልቁና በትንሹ ብንቆጥረውም እጥፉ ነው። የአማርኛው ፊደል ለቃሚ ግን 33ቱን በሰባት ሲያባዛ 231 ሆሄ በፊቱ ይደረደራል፤ ዲቃላዎቹንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። የትኛው ሆሄ በየትኛው ሣጥን እንዳለ እጁ ያውቃል። በዚህ ሙቀት፣ በዚያ የእርሳስ ሽታ ውስጥ ቆሞ አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት መልቀም ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል?

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ለረጅም ጊዜ የኖሩት በዚችው ከተማ ነው። ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ፊደሉን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ አሰለፉት። ከሞታቸው በኋላ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አሁን የምጠይቃችሁን አስቡ። ስለ ፊደላችን ቅርጽና ተራ እንዲህ የተጨነቁ ሰዎች የሄዱበት መንገድ የትኛው ነው? እኛ ስንሻገረው ቀና ብለን እናየዋለን?

ወደ ሐረር ልውጣ። ሐረርን የምወዳት በቀለሟ ነው። በግንብ የታጠረችው የአሮጌዋ ከተማ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ግድግዳ በነጭ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በሮዝ ይቀባል፤ በዓል ሲቃረብ ሴቶቹ ራሳቸው ያድሱታል። ያንን ግድግዳ ሙዚየም የሚያደርገው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ማንም አይደለም፤ ያ ሥዕል የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግንቡንና መስጊዶቹን አየ፤ እኔ ደግሞ ያንን የኖራ ብሩሽ የያዘችውን እናት እጨምርበታለሁ። በሸሪፍ ሙዚየም ገብታችሁ በሐረር የተጻፉትንና በሐረር በቆዳ የተጠረዙትን የእጅ ጽሑፎች ካላያችሁ ግን ከተማዋን ሙሉ አላያችኋትም። ጥቁሩ ቀለም፣ ቀዩ ቀለም፣ የኅዳጉ ስፋት! ጸሐፊው ባዶ ቦታን እንዴት እንደሚያከብር እዩ።

ከዚያችው ሐረር ነው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የወጣው። በ1932 ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው፣ የቁም ጸሐፊና የብራና ሠዓሊ ነበሩ። ልጁ ከመቃ ብዕርና ከብራና ቤት ወጥቶ፣ እርሻ ሊማር ገብቶ ትቶ፣ በ1957 ወደ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ያሳየው ሥዕል ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ተባለ፤ ረቂቅ ሥዕልን ከእኛ ሰው ጋር ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተሸለመ፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ ላውተን በምትባል ከተማ ዐረፈ። ገጣሚም ነበር። ሥዕሎቹን ስመለከት አንድ ነገር ይታየኛል፤ የራሴ አስተያየት ነው፣ አትያዙኝ። ያ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ያ በቀይና በጥቁር መካከል ያለ ፍጥጫ የጀርመን ትምህርት ብቻ አይመስለኝም። የአባቱ ቁም ጽሕፈት ይመስለኛል። ከእርሱ በኋላ እነ ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን ራሱን ሸራው ላይ አምጥተው እንዲጨፍር ሲያደርጉት እኔ አልደነቀኝም። ፊደል ሥዕል መሆኑን የሐረር አለቆችና የሐረር ካቲቦች፣ ማለትም የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ጸሐፊዎች፣ ድሮ ያውቁት ነበር።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ፊደል በግድግዳ ላይ እንዴት ይሠራል?

ይህንን የተማርኩት በከፊራ ገበያ አቅራቢያ ሱቅ ከነበራቸው አንድ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ነፍሳቸውን ይማርልን። መጀመሪያ ያነበቡት በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በእንጨት ሉህ ላይ ነው፤ አማርኛውን በኋላ ተማሩ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ብሩሽ አጥብላቸው ነበር። ሥራቸው ሲጀመር እንዲህ ነው፤ ቆርቆሮውን በነጭ ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ ክር በጠመኔ ነክረው ከላይና ከታች ወጥረው ይለቁታል፤ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። ቀጥሎ እግር ይቆጥራሉ። እግር መቁጠር ምን ማለት ነው? የፊደላችን ሆሄያት ስፋታቸው እኩል አይደለም። ሐ ሦስት እግር አለው፤ ጠም ሦስት። በ እና ሰ ሁለት ሁለት። ነ፣ ተ፣ ገ አንድ አንድ። «ሆሄ ከቆጠርህ ትሳሳታለህ፤ እግሩን ቁጠር» ይሉኝ ነበር። እግሩን ቆጥረው ለሁለት ይከፍሉትና ከመሐል ጀምረው ወደ ሁለቱ ዳር ይጽፋሉ። ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም። አንድም ቀን ሜትር ሲይዙ አላየሁም።

ብሩሻቸው ጠፍጣፋ ነው። ወደ ታች ሲጎትቱት ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲወስዱት ቀጭን መስመር ይወጣል። ይህ የመቃ ብዕር ሕግ ነው፤ ብራና ላይ ያለው ቁም ጽሕፈት እግሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። እሳቸው ብራና ጽፈው አያውቁም፤ እጃቸው ግን ያንን ሕግ ያውቅ ነበር። የጨርቅ ነጋዴዎች ታፔላ ሲያዝዟቸው ደግሞ አማርኛውን ከግራ ዳር ይጀምሩና ወደ መሐል ያመጡታል፤ ከዚያ ወንበሩን አዙረው ዐረብኛውን ከቀኝ ዳር ይጀምሩና ወደ መሐል ያመጡታል። ሁለቱ ጽሑፎች መሐል ላይ ይገናኛሉ። ያንን ቆሜ ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ድሬዳዋን ማንም ቢጠይቀኝ ያንን ታፔላ ነው የማሳየው!

አሁን ምን ሆነ? ታፔላው በኮምፒውተር ተሠርቶ በፕላስቲክ ይታተማል። ኮምፒውተርን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ደንብ፣ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ እንደ ሰርግ ነው የተደሰትኩት። ከዚያ በፊት አንዱ ማሽን የጻፈውን ሌላው ማሽን አያነበውም ነበር። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽ መጣ፤ በነጻ የሚገኙ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉትም አሉ። ጥሩ ጥሩ ቅርጾች አሉን። ችግሩ መሣሪያው ላይ አይደለም፤ ዓይናችን ላይ ነው።

ምን ማለቴ ነው? ሰፊ ባነር ላይ አጭር ቃል ሲቀመጥ ሠሪው ቃሉን በኮምፒውተር ይጎትተዋል። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲለጠጥ እግሩ እጥፍ ይወፍራል፣ አግድሙ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ፊደሉ ያብጣል። ሌላው ደግሞ ደማቅ እንዲሆን ተብሎ እንዲወፍር ሲደረግ የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል። ቀለበቱ ከተደፈነ ኃምሱ ሣልስ ይመስላል። በቅርቡ አንድ የታወቀ ምግብ ቤት አዲስ ታፔላ ሰቅሎ አየሁ፤ ስሙን አልጠራም። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳነበው «ምግብ ቢት» ነው የሚለው። ልጆች ይህን እያዩ ፊደል ይማራሉ። የተደፈነ ቀለበት ከሩቅ አይነበብም፤ የማይነበብ ታፔላ ደግሞ ለባለቤቱም አይጠቅም። ገንዘቡን የከፈለው እርሱ ነው!

ሌላው ትልቁ ጉዳያችን የብዙ ቋንቋ ታፔላ ነው። ይህ በረከታችን ነው፤ ሥራውም ከባድ ነው። «ድሬዳዋ» በፊደላችን አራት ሆሄ ነው። በኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ 12 ሆሄ ይሆናል። ሁለቱን እኩል ቦታ ስትሰጧቸው ምን ይሆናል? አማርኛው ግዙፍ፣ ቁቤው ደቃቅ ይሆናል፤ ወይም ቁቤው ተጨምቆ ትንፋሽ ያጣል። ሶማሊኛውም በላቲን ስለሚጻፍ ያው ዕጣ ይደርሰዋል። ጎረቤቴ ታፔላውን አይቶ «የእኔ ቋንቋ ለምን አነሰ?» ቢል እውነቱን ነው። መፍትሔው ግን ክርክር አይደለም፤ ንድፍ ነው። የላቲኑን ጽሑፍ ሁሉን በትልልቁ ሆሄ ከመጻፍ ይልቅ በትንንሹ ብንጽፈው የሚይዘው ስፋት ያንሳል። የመስመሩን ውፍረት በሁለቱም አንድ ማድረግ ይቻላል። ቦታውን በእኩል ከመክፈል በቃሉ ርዝመት መክፈል ይቻላል። እነዚያ ታፔላ ጸሐፊ እግር ቆጥረው የሠሩት ይህንኑ ነው! ለማንም አላዳሉም፤ ሁሉም ጽሑፍ የሚተነፍስበት ቦታ አገኘ።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ እላለሁ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

የከተማው አስተዳደር ሰዎች በመካከላችን ካላችሁ፣ ለታፔላ ፈቃድ ስትሰጡ ስፋቱንና ግብሩን ብቻ አትጠይቁ፤ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። የሱቅ ባለቤቶች፣ ታፔላ ስታሠሩ ከመታተሙ በፊት በወረቀት አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ራቅ ብላችሁ እዩት። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ፊደልን አትለጥጡ። ቦታ ከተረፈ ይትረፍ፤ ባዶ ቦታ ገንዘብ ማባከን አይደለም። በብሩሽ የምትሠሩ ጥቂት የቀራችሁ ባለሙያዎች ደግሞ እባካችሁ አንድ አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

በከዚራም፣ በመጋላም፣ በገንደ ቆሬም ያረጁ ታፔላዎች አሉ። ቀለማቸው የተላጠ፣ በላያቸው አዲስ ፕላስቲክ የተቸነከረባቸው አሉ። ከመነሣታቸው በፊት ፎቶግራፍ እናንሣቸው። ማን ጻፈው? መቼ ተጻፈ? የማን ሱቅ ነበር? ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁንም ከእኛ ጋር ናቸው። የምድር ባቡር ልጆች፣ በቤታችሁ የአባቶቻችሁ የፊደል ቆርቆሮ፣ የድሮ ቲኬት፣ የድሮ ደረሰኝ ካለ አትጣሉት፤ አምጡትና አብረን እንመዝግበው። በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የሠራ ዘመድ የነበራችሁም ካላችሁ ዛሬ ሳንለያይ ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ሰፈር ጻፉልኝ፤ ሰፈር በሰፈር እንከፋፈላለን። እስኪ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ብትጠይቁ የሚተረጉምልኝ ሰው አጠገቤ አለ። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።